አረሙን ከጨረሰ በኋላ ምን ይበላል?

አንድ ባዕድ አረም በእጅ ነቀላም ሆነ በማረሻ አልጠፋ ባለ ጊዜ፥ በትውልድ አገሩ ሲበላው የኖረውን ጥንዚዛ ወይም ትል ፈልጎ አምጥቶ በላዩ መልቀቅ ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራበት ዘዴ ነው። የሐዋይ ደሴት ሰዎች የወፍ ቆሎ የተባለውን ቁጥቋጦ ለማጥፋት በ1902 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከሜክሲኮ ነፍሳት ካስመጡ ወዲህ፥ በልዩ ልዩ አገሮች ከ400 የሚበልጡ የነፍሳትና የመሰሎቻቸው ዓይነቶች ለዚሁ ሥራ ተለቀዋል። በኢትዮጵያም ቅንጬ አረምን እንዲበላ አንድ ጥንዚዛ ከ2016 ጀምሮ ተለቋል። ይህ ነገር ወደ ገበሬው ጆሮ በደረሰ ጊዜ ግን፥ ሹሙ የሚቀርብለት ጥያቄ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ «አረሙን ከጨረሰ በኋላ ምን ሊበላ ነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ በአዳራሽ የተቀመጠ ሰው ጥያቄውን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የጠየቀው ሰው ግን የሚጠይቀው ካየው ነገር ተነሥቶ ነው። ትል የተባለ እንደ ሆነ በገበሬው ዓይን ፊት የሚቆመው ተምች ነው። ማታ ለምልሞ የተሰናበተውን የጤፍ ማሳ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ አፈር ሆኖ ያገኘ ሰው፥ መንግሥት ትል አምጥቶ ሊለቅ ነው ሲሉት ቢደነግጥ ፍርድ አይጎድልበትም። ስለዚህ መልሱ በማባበል ሳይሆን ነገሩን በማስረዳት መሰጠት አለበት።

ማስረዳቱንም ከዚያው ከተምቹ መጀመር ይቻላል። ተምች ጤፉን፥ ገብሱን፥ በቆሎውንና ማሽላውን፥ የግጦሹንም ሣር ይበላል፤ በአጠገቡ ያለውን ባቄላና ሽንብራ ግን ትቶት ያልፋል። ይህንን ያላየ ገበሬ የለም፤ ምክንያቱን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ተምች የሣርን ወገን ለመብላት የተፈጠረ መሆኑ ነው፤ ጤፍም ማሽላም በተክል አቆጣጠር የሣር ዘመዶች ናቸው። እንግዲህ እጅግ የሚፈራው ተምች እንኳ የሚበላውና የማይበላው ነገር አለው። ከተምች ይልቅ ጠባብ የሆነ፥ ከአንድ ተክል ወይም ከጥቂት የቅርብ ዘመዶቹ በቀር ምንም የማይበላ ነፍሳት ብዙ አለ። ለአረም ማጥፊያ የሚፈለገው ከዚህ ከጠባቡ ወገን ያለው ብቻ ነው። እንደ አንበጣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላውን ማንም ሊለቅ አይገባውም፤ የሚለቅም የለም።

የዚህ ጠባብነት መነሻው የተክሉ መርዝ ነው። ተክል እግር የለውምና ከሚበላው አይሸሽም፤ ራሱን የሚጠብቀው በቅጠሉ ውስጥ በሚያበጀው መራራ ነገር ነው። ከነፍሳት መካከል አንዱ ወገን ያንን መራራ ነገር በብዙ ሺህ ዘመን ይለምደዋል፤ ለምዶትም ዝም አይልም፥ ሽታውን የምግቡ ምልክት ያደርገዋል። ሴቲቱ እንቁላልዋን የምትጥለው ያ ሽታ ባለበት ቅጠል ላይ ነው፤ ከእንቁላሉ የወጣውም ትል ያ ጣዕም ካልመጣለት በምግብ መካከል ተቀምጦ በረሀብ ይሞታል። ይህ አነጋገር ማጋነን አይደለም፤ በመስተዋት ቤት ውስጥ በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው።

ፈተናውም የሚደረገው እንዲህ ነው። የሚመጣው ነፍሳት በድርብ በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ለብዙ ትውልድ ይረባል፤ ይህም ከእርሱ ጋር ሌላ ተባይ ተደብቆ እንዳይገባ ነው። ከዚያ በኋላ ተክሎች በዝምድና ቅደም ተከተል ይቀርቡለታል፤ መጀመሪያ የአረሙ የቅርብ ዘመዶች፥ ቀጥሎ የሩቆቹ፥ በመጨረሻም ዝምድና ባይኖራቸውም አገሩ የሚበላቸው ሰብሎች ናቸው። አንደኛው ፈተና አረሙን ነሥቶ ከሰብሉ ጋር ብቻውን መዝጋት ነው፤ ወይ ይበላል ወይ ይሞታል። ሁለተኛው ሰብሉንና አረሙን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ምርጫውን ማየት ነው። ሹም የሆነ ሰው ስለ አንድ ነፍሳት በተነገረው ጊዜ «ተፈትኗል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ዘወትር «አዎን» ይሆናል፤ የተሻለው ጥያቄ «በምን በምን ተክል ላይ ተፈተነ?» የሚለው ነው። በሌላ አገር የተፈተነ ነፍሳት በጤፍና በኑግ ላይ ላይፈተን ይችላልና።

ስለ እምቦጭ ሲሆን መልሱ ቀላል ነው። ጣና ላይ በ2011 መግባቱ የታወቀው ይህ የውሃ አረም ከሰብል ወገን አንድም የቅርብ ዘመድ የለውም። ከደቡብ አሜሪካ የተገኙት ሁለቱ የእምቦጭ ነቀዞች ከ200 በሚበልጡ የተክል ዓይነቶች ላይ በልዩ ልዩ አገሮች ተፈትነዋል፤ በ1990ዎቹም በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተለቀው ሠርተዋል። ስማቸው ነቀዝ ስለ ሆነ ብቻ ጎተራ ይገባሉ ብሎ የሚሰጋ ሰው ቢኖር፥ እነዚህ ከእምቦጩ ቅጠልና አንገት በቀር ልጅ የሚያሳድጉበት ቦታ የሌላቸው መሆኑን መንገር ይበቃል። የፎገራም ሩዝ ከእነርሱ የሚፈራው ነገር የለም።

የቅንጬ አረም ነገር ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም፤ ብዙ መናገርም የሚያስፈልገው በዚህ ነው።

ቅንጬ አረም ከሞቃቱ አሜሪካ የመጣ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ከታየ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሐረርጌ ገበሬዎች «ፋራምሲሳ» ይሉታል፤ ሰውን መሬቱን እንዲለቅ የሚያስፈርም ማለት ነው። ይህን ያህል እውነት የያዘ የአረም ስም በሌላ ቦታ አይገኝም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፥ ሳይታረም የቀረ ማሽላ ከ40 እስከ 97 በመቶ የሚሆነውን ፍሬ አጥቷል። ላም የበላችው እንደ ሆነ ወተትዋ ይመራል። በእጁ የሚነቅለውን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል፥ ያቆስለዋልም፤ ደጋግሞ የነካውም ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰበት ይሄዳል። አንዱ ተክል ከ15,000 የማያንስ ዘር ሊጥል ይችላል። ጥንዚዛውን ለመልቀቅ ፈቃድ ሲጠየቅና ሲመረመር ዓመታት አለፉ፤ አረሙ ግን ሲገባ ማንንም አላስፈቀደም።

ችግሩ ይህ ነው፤ ቅንጬ አረም የኑግና የሱፍ ዘመድ ነው። አበባውን ከፍቶ ያየ ሰው ዝምድናውን ለማመን አይቸገርም። ኑግ ደግሞ የኢትዮጵያ የራስዋ ሰብል ነው፤ የጾም ወጥ የሚሠራበት ዘይት፥ የንብም ቀለብ ነው። ኑግን በሰፊው የሚዘራ አገር ጥቂት ስለ ሆነ፥ አውስትራልያ ጥንዚዛውን በ1980 ስትለቅ የኑግ ነገር የሚያስጨንቃት አልነበረም። ስለዚህ በሌላ አገር መልካም ሠራ ማለት ብቻውን ለጎጃምና ለወለጋ ገበሬ መልስ አይሆንም።

በህንድ አገር የሆነው ነገር ለዚህ ትምህርት አለው። ህንዶች ይህንኑ ጥንዚዛ ከሜክሲኮ በ1983 አስመጥተው፥ ፈትነው፥ በተከታዩ ዓመት በባንጋሎር አካባቢ ለቀቁት። ጥንዚዛው ረባ፤ ቅንጬውንም በየመንገዱ ዳር ራቁቱን አስቀረው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥንዚዛው በፈረንጅ ሱፍ ማሳ ውስጥ ቅጠል ሲበላ ተገኘ። ጩኸት ሆነ፤ መንግሥትም መርማሪዎች ሰየመ፥ ጥንዚዛውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወሩም ታገደ። በተዘጋው ቤት ሱፍን ያልነካው ጥንዚዛ በሜዳ ለምን ነካው? ምርመራው ያገኘው ነገር ማንም ያላሰበው ነበር። ቅንጬው በማሳው ዙሪያ አብቦ ነበርና የአበባው ዱቄት በነፋስ ተነሥቶ በሱፉ ቅጠል ላይ ተነስንሶ ነበር፤ ጥንዚዛውም የለመደውን ሽታና ጣዕም በባዕድ ቅጠል ላይ አግኝቶ በላ። ዱቄቱ በሌለበት ሱፍ ላይ ግን መኖርም መርባትም አልቻለም። ከዚህ በኋላ እገዳው ተነሣ።

ይህ ታሪክ ለሁለት ወገን ይጠቅማል። ጥንዚዛው ሰብል ይበላል ለሚለው ሰው፥ ጉዳቱ ትንሽና ምክንያቱ የታወቀ መሆኑን ያሳያል፤ ጉዳቱንም ያመጣው በማሳው ዳር የቆመው አረም ነው። ጥንዚዛው ሰብል ከቶ አይነካም ለሚለው ሰው ደግሞ፥ የተዘጋ ቤት ሜዳን ሁሉ ሊያሳይ እንደማይችል ይነግረዋል።

በኢትዮጵያ ፈተናው የተደረገው በአምቦ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ጥንዚዛና ከእርሱ ጋር የመጣው ግንድ የሚቦረቡር ነቀዝ፥ ቅንጬ ባልሆኑ 29 ዓይነት ተክሎች ላይ ተፈተኑ፤ ኑግም ከእነዚህ መካከል ዋናው ነበር። ጥንዚዛው ምርጫ በተነፈገ ጊዜ በኑግ ላይ መጠነኛ ምልክት ታየ፤ ቅንጬው አጠገቡ በተቀመጠለት ጊዜ ግን ፊቱን ወደ ቅንጬው መለሰ። ከዚህ በኋላ ነው በወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቀው። የፈተናው ፍርድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህንን ፍርድ ወደ ገበሬው የሚያደርሰው ሰው «ኑግን አይነካም» ብሎ ቃሉን ካሳጠረው ከእውነቱ ወጣ ማለት ነው። እውነተኛው ቃል «በኑግ ላይ ኖሮ ሊረባ አይችልም፤ በተራበ ጊዜ ግን ሊቀምሰው ይችላል» የሚል ነው። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለው ልዩነት ለጸሐፊ ትንሽ ይመስላል፤ ለሹም ግን ትልቅ ነው። ምንም አይነካም የተባለ ገበሬ አንድ ቀን አንድ ጥንዚዛ በኑጉ ላይ ያየ እንደ ሆነ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥንዚዛውን ብቻ ሳይሆን የሹሙንም ቃል አያምንም። ሊቀምስ ይችላል ተብሎ አስቀድሞ የተነገረው ግን ያየውን ለሹሙ ይነግራል።

በረሀብ ጊዜ ያለፈ ጉዳት እንደሚደርስ በሌላ አገርም ታይቷል። በዑጋንዳ የወፍ ቆሎን እንዲያደርቅ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተለቆ ነበር። በሰረሬ በኩል ቁጥቋጦውን ቅጠል አልባ ካደረገው በኋላ ብዛቱ ወደ ጎረቤቱ የሰሊጥ ማሳ ተሻገረ። ገበሬው የፈራው ነገር ይኸው ደረሰ ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ነፍሳቱ በሰሊጡ ላይ ጸንቶ የሚቆይ ወገን አላቆመም፤ የተረፈውም ተመልሶ በሚያቆጠቁጠው የወፍ ቆሎ ላይ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ስለ ፈተናው ያለው ልማድ እንደ ዛሬው የጠበቀ አልነበረም፤ ሰሊጥ የሚያመርት አገር ሁሉ ያንን ነፍሳት ከመቀበሉ በፊት ይህን ማሰብ ይገባዋል።

እንግዲህ «አረሙን ከጨረሰ በኋላ ምን ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። በመጀመሪያ፥ አይጨርሰውም። የቅንጬ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያልና ዝናብ በመጣ ቁጥር አዲስ አረም ይበቅላል። አረሙ ሲያንስ ጥንዚዛው ያንሳል፤ አረሙ ሲበዛ ጥንዚዛው ይበዛል። በበጋ ቅጠል ሲጠፋ ጥንዚዛው ወደ አፈር ይገባል፥ ሳይበላም ዝናብ እስኪመጣ ለወራት ተኝቶ ይቆያል። አፈር ያልገባውና ቅንጬ ያላገኘው ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ጥቂት ቀን ተቅበዝብዞ የቅርብ ዘመዱን ሊቀምስ ይችላል፤ የጉዳቱ ወሰን ይህ ነው። ይህንንም ጉዳት፥ አረሙ በየዓመቱ ከሚወስደው ማሽላና ከሚያመረው ወተት ጋር በሚዛን ማስቀመጥ ነው። ሚዛኑ ወደ የትኛው እንደሚያጋድል ሐረርጌን ያየ ሰው አይጠራጠርም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንዱ አረም የሚለውን ሌላው እንጀራዬ ማለቱ ነው። የአውስትራልያ ሰዎች ቁልቋል በ24 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ላይ ተንሰራፍቶ እርሻና ግጦሽ አስለቅቋቸው ነበር። በ1925 ከአርጀንቲና 3,000 ያህል የእሳት ራት እንቁላል አመጡ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቁልቋሉ በስብሶ ወደቀ፥ ባለ እርሻዎችም ወደ መሬታቸው ተመለሱ። ከደስታቸው የተነሣ በቡናርጋ በእሳት ራቲቱ ስም የመታሰቢያ አዳራሽ ሠሩላት። ይህችው የእሳት ራት በ1957 ወደ ካሪብ ደሴቶች ተወሰደች፤ ከዚያ በ1989 ፍሎሪዳ ተገኘች። በዚያ አገር ግን ቁልቋል የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ያሉት የሜክሲኮ ሰዎችም ይበሉታል፥ ይሸጡታል፥ በሰንደቅ ዓላማቸውም ላይ አድርገውታል። አንዲቱ ትል በአንዱ አገር አዳራሽ ሲሠራላት በሌላው አገር ጠላት ሆና ትጠበቃለች።

ይህን ከሩቅ አገር ብቻ መስማት አያስፈልግም። በትግራይ በለስ የክረምት ቀለብ፥ የከብትም መኖ፥ የማሳም አጥር ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ቀይ ቀለም ለማውጣት ሲባል ኮሽኒል የተባለው ነፍሳት በደቡብ ትግራይ በበለስ ላይ እንዲረባ ተደረገ። በነጭ ጥጥ መሰል ነገር ተሸፍኖ በበለሱ ቅጠል ላይ የሚጣበቅ፥ ሲጨፈለቅ እንደ ደም የሚቀላ ነው። ንግዱ እንደታሰበው አልቀና፤ የሚሰበስበው ሰው ሲጠፋም ነፍሳቱ ከተመደበለት ቦታ ወጥቶ የድኻውን በለስ አደረቀ። ኮሽኒል ጠባብ በላተኛ ነው፥ ከቁልቋል ወገን በቀር አይነካም፤ ፈተና ቢደረግለት ጤፍን አይበላም ተብሎ ያልፍ ነበር። ስሕተቱ በነፍሳቱ ላይ አልነበረም። በለሱ የማን እንደ ሆነና ለምን እንደሚያገለግል ባለቤቶቹ እስኪናገሩ ድረስ ስላልተጠየቁ ነው።

ስለዚህ የነፍሳቱ መልካምነት በባለሙያ ቢመረመርም፥ የአገሩን ነገር የሚያውቀው ሹሙና የአገሩ ሽማግሌ ነው። አንድ ነፍሳት ሊለቀቅ በታሰበበት ወረዳ ሕዝቡ አስቀድሞ ይሰብሰብ፤ አረሙ ለማንም የማይጠቅም መሆኑ ይጠየቅ፤ የንብ ባለቤቶችም ይሰሙ። ጥንዚዛው የሚለቀቅበትም ቦታ ኑግ በሰፊው ከሚዘራበት ማሳ መራቅ ይገባዋል፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ። በማሳ ዳር ያለውን ቅንጬ ሳያብብ መንቀሉም ጥንዚዛ ስለ ተለቀቀ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የህንዱ ሱፍ የተበላው በዚህ ምክንያት ነበርና። ነቃዩም እጁን በጨርቅ ይሸፍን።

አንዳንድ ትጉህ ሹም የጎረቤቱ ወረዳ ጥንዚዛ መሥራቱን ሰምቶ በቆርቆሮ አስይዞ ወደ ግዛቱ ሊወስድ ይፈልግ ይሆናል። ትጋቱ ይመሰገናል፤ ሥራው ግን አይመሰገንም። ከጥንዚዛው ጋር ተያይዞ የሚሄደውን በሽታና ሌላ ተባይ በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የት እንደ ተለቀቀ ያልተጻፈ ጥንዚዛም ጉዳት ቢገኝ ከየት እንደ መጣ ለመመርመር አያመችም። ማዛወሩ በእርሻ ባለሙያ እጅና በመዝገብ ይሁን።

የመጨረሻው ነገር መለየት ነው። ኑግን የሚበሉ የአገሩ ተወላጅ ተባዮች ጥንዚዛው ከመምጣቱ በፊትም ነበሩ፤ የእነርሱም ጥፋት በእንግዳው ላይ እንዳይጫን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የቅንጬው ጥንዚዛ ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጀርባው ነጣ ያለ ሲሆን ቡናማ የተጠማዘዘ ሰረዝ አለበት። በኑግ ላይ ይህን የመሰለ ያገኘ ገበሬ መርዝ አይርጭ። ኑግ ፍሬ የሚይዘው በንብ ነውና በአበባው ወራት የተረጨ መርዝ ጥንዚዛው ከሚያደርሰው የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። ያገኛቸውን ጥቂቶች ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ፥ ከተበላው ቅጠል ጋር ለወረዳው የእርሻ ሠራተኛ ያምጣ፤ ሠራተኛውም ማሳው ያለበትን ቀበሌ፥ የተገኘበትን ቀን፥ በአጠገቡም ያበበ ቅንጬ መኖር አለመኖሩን ጽፎ ይላክ።